አሮጌውን ስለ መጠበቅና ቤትን ስለ ማጽዳት
(ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ የመምህራንን ጉባኤ የማይመለከት፥ ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ብቻ የተገባ ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነ፥ በነፃም የሚታደል ፕሮግራም ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ፥ ሠሪዎቹ የቀድሞ ተጠቃሚዎቻቸውን ሳይጥሉ ኮዱን በንጽሕና ሊይዙት የሚችሉት እንዴት ነው? ጥያቄውን የማነሣውም ቨርቹዋል ማሽን ስለሚባለው የፕሮግራም ዓይነት ነው። ነገሩን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለ ሆነ፥ ከዚያው እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተምርበት ወደ ነበረው ትምህርት ቤት አንድ ጎልማሳ መጣ። ትምህርቱን ከፈጸመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሥራ ሊቀጠር ቀን ተቈርጦለት ስለ ነበር፥ የትምህርት ማስረጃውን በፍጥነት ይፈልጋል። የእርሱ ዘመን ተማሪዎች ውጤት የተመዘገበው በአንድ አሮጌ ፕሮግራም ነበር፤ ያም ፕሮግራም የሚሠራው በአሮጌ የዊንዶውስ እትም ላይ ብቻ ነው። ፕሮግራሙን የያዘው ኮምፒዩተር ከተበላሸ ቆይቷል። ሆኖም አንድ ወጣት ባልደረባችን፥ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ከመሞቱ በፊት የዲስኩን ይዘት እንዳለ ገልብጦ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አኑሮት ስለ ነበር፥ ለብዙ ዓመት በዚያ እየከፈትን ማስረጃ እንሰጥ ነበር። በዚያን ቀን ግን ማሽኑ አልነሣም አለ። ከአንድ ወር በፊት የአስተናጋጁን ኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በአዲስ እትም ተክተን ነበር፤ አዲሱ እትም ደግሞ እንዲህ ያለውን የማሽን ዓይነት አላውቅም የሚል መልእክት አወጣ። እንግዳችን ማመልከቻውን ይዞ በአግዳሚው ወንበር ላይ ሲጠብቅ፥ እኛ በውስጥ ሆነን የፕሮግራሙን ሠሪዎች እናማ ነበር። ሐሜታችን ትክክል ነበርን? የንግግሬ ጉዳይ ይኸው ነው።

ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፥ አስቀድመን ቨርቹዋል ማሽን ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በብረትና በሽቦ ሳይሆን በፕሮግራም የተሠራ ኮምፒዩተር ማለት ነው። እውነተኛው ኮምፒዩተር አስተናጋጅ ይባላል፤ በውስጡ የሚያድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ደግሞ እንግዳ ይባላል። እንግዳው ዲስክ ያለው፥ የመረብ ካርድ ያለው፥ የራሱ ሰዓት ያለው ሙሉ ኮምፒዩተር ያገኘ ይመስለዋል፤ ያየው ሁሉ ግን የፕሮግራም ሥራ ነው። አሳቡ የዛሬ አይደለም። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ቪኤም/370 በተባለው ሲስተም፥ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች ተከፋፍሎ፥ እያንዳንዱ የራሱ ብቻ የሆነ ኮምፒዩተር ያለው መስሎ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር።

በዘመናችን በክፍት ምንጭ ከተሠሩት መካከል የታወቀው ኬሙ ነው። ፋብሪስ ቤላር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሠራተኞች፥ አንዳንዶቹ በኩባንያ ተቀጥረው፥ አንዳንዶቹ በፈቃዳቸው፥ እያረሙና እየጨመሩ አሳድገውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኬቪኤም የተባለው ክፍል ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተዋሐደ። ሥራቸውም የተከፋፈለ ነው፤ ኬቪኤም የእንግዳውን ትእዛዝ በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ በፍጥነት ያስፈጽማል፤ ኬሙ ደግሞ ዲስኩን፥ መረቡንና ስክሪኑን መስሎ ያቀርባል። የእኛም የመዝገብ ቤት ማሽን ይሠራ የነበረው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። የዚህ ፕሮግራም ዋና ቃል ኪዳን አለመለወጥ ነው። ኬሙ ለእንግዳው ከሚያቀርባቸው የማሽን ዓይነቶች አንዱ፥ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው አይ440ኤፍኤክስ በተባለው ቺፕሴት አምሳል የተሠራ ነው። እውነተኛው ዕቃ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አምሳያው ግን ስንትና ስንት አሮጌ ሥራ ተሸክሞ ቆይቷል። ከዚህም በላይ ኬሙ አዲስ እትም ባወጣ ቍጥር፥ የማሽኑን ዓይነት በእትሙ ቍጥር ሰይሞ ያኖረዋል። አንድ ሰው በአንድ እትም ዘመን ማሽኑን አቋቍሞ ያን ስም በማዘጋጃው ላይ ጽፎ እንደ ሆነ፥ ከዓመታት በኋላም በአዲሱ እትም ላይ ያንኑ የቀድሞውን ማሽን መልሶ ያገኛል።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ስለ ምን ያስፈልጋል ቢሉ፥ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ እንደ ዊንዶውስ ያለ እንግዳ በሥሩ ያሉት ዕቃዎች ተለውጠው ቢያገኛቸው፥ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር የተወሰደ መስሎት ፈቃዱን እንደገና ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው፥ በትልልቅ የሰርቨር ቤቶች አንድ ማሽን ሥራውን ሳያቋርጥ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ይዛወራል። በዚህ ጊዜ ላኪው የማሽኑን ትዝታና የእያንዳንዱን ዕቃ ሁኔታ ጽፎ ይልካል፤ ተቀባዩም የተጻፈውን ላኪው እንዳሰበው አድርጎ ማንበብ አለበት። በመካከሉ የአንዲት መስመር ትርጉም ቢለወጥ፥ የሚሠራው ማሽን በመንገድ ላይ ይሞታል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል ኪዳን ዋጋ አለው። አሮጌው ነገር በተጠበቀ መጠን የሚነበበው ኮድ ይበዛል፤ የሚፈተነውም ይበዛል፤ አዲስ የሚመጣው ሠራተኛ ይህ ቅርንጫፍ ስለ ምን ተጻፈ ብሎ ቢጠይቅ፥ የሚመልስለት ሰው ይጠፋል። በእነዚህ ፕሮጀክቶች ውስጥ እያንዳንዱን የኮድ ክፍል ማን እንደሚጠብቀው የሚያሳይ መዝገብ አለ። በዚያም መዝገብ ላይ ጠባቂ ያጣው ክፍል «እጓለ ማውታ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይመዘገባል። ወላጅ የሌለው ኮድ እንደ ማለት ነው።

አሮጌ ነገር ምን እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ታይቷል። በዚያን ወር ቬኖም የሚል ስም የተሰጠው የጸጥታ ጉድለት ተገለጸ። ጉድለቱ የተገኘው የፍሎፒ ዲስክ መሣሪያን በሚመስለው የኬሙ ኮድ ውስጥ ነው። ከመካከላችን ፍሎፒ ዲስክን የሚያስታውሱት ሽበት ያላቸው ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ኮዱ በቦታው ነበረ። ስሕተቱ ከ2004 ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ያህል ተደብቆ ኖሯል። ክፉ ሰው በእንግዳው ማሽን ውስጥ ሥልጣን አግኝቶ ቢሆን፥ በዚህ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ አስተናጋጁ ሊገባና የሌሎችንም እንግዶች ገመና ሊያይ ይችል ነበር። ኮዱን ከኬሙ የወሰዱት ዜንና ቨርቹዋልቦክስም የአደጋው ተካፋዮች ሆኑ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ፥ በኬሙና በዜን ላይ አስተዳዳሪው ፍሎፒ አልፈልግም ብሎ ቢያጠፋው እንኳ፥ በሌላ ስሕተት ምክንያት ያ ኮድ ሕያው ሆኖ መቅረቱ ነው። ማንም የማይገባበት ጓዳ ሌባ የሚገባበት ጓዳ ሆነ።

እንግዲህ አሮጌውን ሁሉ አውጥቶ መጣል ይሻላልን? እንዲህ የሚሉ አሉ፤ አሳባቸውም የሚናቅ አይደለም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 ፋየርክራከር የተባለ በክፍት ምንጭ የተሠራ ፕሮግራም አወጣ። ሠሪዎቹ ያለፈውን ዘመን ዕቃ ሁሉ ትተው፥ ለእንግዳው የሚሰጡት ጥቂት ነገር ብቻ እንዲሆን ወሰኑ፤ ይኸውም የመረብ ካርድ፥ ዲስክ፥ የጽሑፍ መውጫ፥ እንዲሁም ማሽኑን ለማቆም ብቻ የምታገለግል አንዲት ቍልፍ ያላት የቁልፍ ሰሌዳ ነው። ኮዱ ጥቂት፥ ለማንበብም ቀላል ሆነ። ነገር ግን የእኛን የመዝገብ ቤት ዊንዶውስ በዚያ ውስጥ ላኑረው ቢሉ ስፍራ የለውም። አዲሱ ቤት ንጹሕ የሆነው አሮጌውን እንግዳ አልቀበልም ስላለ ነው። ይህም የሠሪዎቹ መብት ነው፤ ማንንም እናኖራለን ብለው ቃል አልገቡምና። ቃል የገባ ሰው ግን እንዲሁ ቢያደርግ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ይሆናል።

እንግዲህ ከሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ያለው መንገድ ምንድን ነው? የእነዚህን ፕሮጀክቶች አካሄድ ስመረምር ሦስት ልማዶችን አግኝቻለሁ።

የመጀመሪያው፥ በውጭ የተሰጠውን ቃልና የቤቱን ውስጥ ለይቶ ማወቅ ነው። በሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ አጥብቆ የያዘው ደንብ አለ፤ ትናንት በከርነሉ ላይ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በነገው ከርነል ላይም መሥራት አለበት የሚል ነው። ነገር ግን ይህ ደንብ የሚጠብቀው ውጪውን ብቻ ነው። በከርነሉ ውስጥ ያሉት ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት አሠራር፥ ይሻላል በተባለ ጊዜ ሁሉ ይለወጣል፤ ለእርሱ የተሰጠ ቃል የለም። ኬሙም ይህን መንገድ ተከትሎ ያተረፈበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያው ዘመን የአንዱን ፕሮሰሰር ትእዛዝ ወደ ሌላው የሚተረጕመው ክፍል፥ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር የሚያወጣቸውን የኮድ ቁራጮች እየቀጠለ የሚሠራ ነበር። ጂሲሲ አራተኛውን እትም ባወጣና አሠራሩን በለወጠ ጊዜ ያ ብልሃት ከሸፈ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው በ0.10 እትም ይህ ክፍል ከሥሩ ተነቅሎ ቲሲጂ በተባለው በሌላ ተተካ። በላዩ ያደሩት እንግዶች ግን የቤቱ መሠረት ሲለወጥ አላወቁም። ከቀድሞው ጋር መስማማትና ንጽሕና የማይታረቁ ጠላቶች አለመሆናቸው በዚህ ይታወቃል፤ ደጃፉ ሳይነካ ጓዳው ሊታደስ ይችላልና።

ሁለተኛው፥ አሮጌውን ነገር በየስፍራው ከመበተን በአንድ የታወቀ ስፍራ ማኖር ነው። በኬሙ የአንድ ዕቃ ጠባይ በአዲሱ እትም ሲለወጥ፥ ዋናው ኮድ የሚጻፈው ለአዲሱ ነው። የቀድሞው እትም ማሽን ግን እንዲህ ነበረ የሚለው ቃል በአንድ ሠንጠረዥ ላይ በአጭር መስመር ይመዘገባል፤ እያንዳንዱም እትም የየራሱ ሠንጠረዥ አለው። የአንድ እትም ማሽን ዘመኑ ሲፈጸም፥ ሠንጠረዡ አብሮ ይነሣል፤ ለእርሱ ብቻ ይኖር የነበረውም ኮድ ይከተለዋል። እዳው ተጽፎ ስለሚታይ ሊከፈል ይችላል። በኮዱ ሁሉ ውስጥ ተበትኖ ቢሆን ግን፥ ለመክፈል የሚፈልግ እንኳ ስንት እንደ ሆነ ባላወቀ ነበር።

ሦስተኛውና ለእኛ የሚበልጠው፥ ስንብትን አስቀድሞ ማስታወቅ ነው። በኬሙ ደንብ አንድ ነገር ይሰናበታል ተብሎ ከተነገረ፥ በዚያው እትምና በሚቀጥለው እትም ላይ መሥራቱን አያቋርጥም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሊወጣ ይችላል። በዓመት ሦስት ያህል እትም ይወጣልና፥ ጊዜው ጥቂት ወራት ነው። በእትም ቍጥር ለተሰየሙት ማሽኖች ግን ይህ እጅግ አጭር ስለ ሆነ፥ እ.ኤ.አ. በ2024 ረዘም ያለ ደንብ ወጣላቸው፤ ማሽኑ ሦስት ዓመት ሲሞላው ይሰናበታል ተብሎ ይነገርለታል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላው ይወጣል። የተሰናበተውን ማሽን የሚያስነሣ ሰው ሁሉ፥ ባስነሣው ቍጥር የማስጠንቀቂያ ቃል ይወጣለታል።

አሁን ወደ መዝገብ ቤታችን ልመለስ። በእኛ ጊዜ ደንቡ ገና በዓመት የተቈጠረ ባይሆንም፥ ማስጠንቀቂያው ግን ወጥቶ ነበር። ወጣቱ ባልደረባችን የድሮውን የማሽኑን መዝገብ ሲመረምር፥ ይህ የማሽን ዓይነት ይወጣልና በአዲስ ተኩት የሚል ቃል፥ ማሽኑ በተነሣ ቍጥር ተጽፎ አገኘ። እኛ ማሽኑን በመስኮት እየከፈትን ውጤት ስናትም፥ ከመስኮቱ በስተጀርባ የሚጻፈውን ማንም አላነበበም። ሐሜታችንን ዋጥን።

ነገር ግን ጥፋቱ ፈጽሞ የእኛ ነው ብሎ መዝጋትም ፍትሕ አይሆንም። ማስታወቂያው የወጣው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያነበውም በሙያው ያለ ሰው ነው። ኢንተርኔት በሚቈራረጥበት፥ የኮምፒዩተር ባለሙያም አንድ ብቻ በሆነበት ትምህርት ቤት፥ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚወጣውን የስንብት ዝርዝር የሚከታተል ማን ነው? ፕሮግራም ሠሪው አስታውቄአለሁ ሲል እውነቱን ነው፤ መዝገብ ቤቱ አልሰማሁም ሲልም እውነቱን ነው። እዚህ ላይ የክፍት ምንጭ ጥቅም ታየ። የቀድሞዎቹ እትሞች ምንጭ አሁንም ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ባልደረባችን ከኢንተርኔት በተለየ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የቀድሞውን እትም ጫነ፤ ማሽኑም ተነሣ። ጎልማሳው ማስረጃውን በሁለተኛው ቀን ወሰደ።

ከዚህ በኋላ አንድ ሌላ ነገር ተረዳን። ከእንግዲህ መዝገቡን ከፕሮግራሙ አውጥተን በማንኛውም ኮምፒዩተር በሚነበብ ጽሑፍ እናኑረው ብለን ስንገለብጠው፥ ቍጥሮቹ ደኅና ወጡ፤ የተማሪዎቹ ስም ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ የማይነበብ ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ስፍራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲኑ ስፍራ ላይ፥ እያንዳንዱም በራሱ ሥርዓት፥ ያስቀምጡት ነበር። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደ ሆነ የሚያውቀው በአሮጌው ማሽን ውስጥ ያለው ፎንት ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽኑን አጠገባችን አቁመን፥ በስክሪኑ ላይ ያለውን ስም እያየን፥ ምልክቱን ከፊደሉ ጋር እያገናኘን መተርጐሚያ ሠንጠረዥ አዘጋጀን። ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። ያ አሮጌ ማሽን በዚያን ጊዜ ባይነሣልን ኖሮ፥ የብዙ ተማሪዎች ስም ቍጥር ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚህም የተማርሁት፥ ከቀድሞው ጋር መስማማት የሚገዛልን ጊዜ እንጂ ዘላለም አለመሆኑን ነው። ፕሮግራም ሠሪዎቹ አሮጌውን ማሽን ለብዙ ዓመት ባይጠብቁልን፥ መዝገቡ በጠፋ ነበር። ለዘላለም እንጠብቅላችኋለን ቢሉን ኖሮ ደግሞ፥ እኛ መዝገቡን ከዚያ ባላወጣነው፤ እነርሱም እንደዚያ እንደ ፍሎፒው ኮድ ያለ ጓዳ እያበዙ፥ የሁላችንን ቤት ለሌባ ባመቻቹ ነበር። ጊዜው የተወሰነ፥ አስቀድሞም የተነገረ ቃል ኪዳን፥ ወሰን ከሌለው ቃል ኪዳን ይልቅ የታመነ ነው፤ ሊፈጸም ይችላልና።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የማሳስበው ጥቂት ነው። በየመዝገብ ቤታችሁ በቨርቹዋል ማሽን የሚኖር አሮጌ ፕሮግራም ካለ፥ የአስተናጋጁን ፕሮግራም እትምና የማሽኑን ዓይነት በወረቀት ጻፉ፤ አዲስ እትም ከመጫናችሁ በፊት ማሽኑን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ፈትኑት፤ የሚወጣውንም የማስጠንቀቂያ ቃል የሚያነብ አንድ ሰው በስም መድቡ። ከሁሉ በላይ ግን ማሽኑ ገና በሚነሣበት ጊዜ መዝገቡን አውጡት።

ለእናንተ ለመምህራን ደግሞ፥ ፕሮግራም መጻፍን ስታስተምሩ አዲስ መጻፍን ብቻ አታስተምሩ። ተማሪው ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈውን አንብቦ እንዲያርም፥ በውጭ ያለውን ቃል ሳያፈርስ ውስጡን እንዲያድስ፥ አንድ ነገር ሲያነሣም ማን እንደሚጐዳ አስቀድሞ እንዲጠይቅ አለማምዱት። ይህ ለእናንተ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሥርዓተ ትምህርት በተለወጠ ቍጥር፥ በአሮጌው መጽሐፍ ጀምሮ በመካከል ላይ ያለውን ተማሪ ምን እናድርገው ብላችሁ ተጨንቃችኋል። አዲሱን መጽሐፍ ስለ እርሱ ብላችሁ አልተዋችሁትም፤ እርሱንም በመንገድ ላይ አልጣላችሁትም። የመጨረሻው የአሮጌው መጽሐፍ ተማሪ ተፈትኖ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን ይዛችሁ፥ ቀኑ ሲደርስ አሮጌውን በሥርዓት አሰናብታችኋል። የኮዱም ሥራ ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም።